የእይታ ሰርኪዩት ጥናት፦ ካርታው ከተሠራ ምን ቀረ?

ጥያቄው የደረሰን ከአራት ኪሎ፣ ከአንድ የሥነ ሕይወት ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ “በ2025 የአይጥ አንጎል የእይታ ክፍል አንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ያህሉ ከነግንኙነቱ በካርታ እንደተነደፈ አነበብኩ። የትኛው ሴል ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ ከታወቀ አንጎል እንዴት እንደሚያይ ታወቀ ማለት አይደለም? ካልሆነስ ምን ቀረ? ደግሞስ እንዲህ ያለ ማይክሮስኮፕ በሌለበት ከአዲስ አበባ ሆኖ በዚህ ጥናት መሳተፍ ይቻላል?” ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውድ ጠያቂ፣ ጥያቄዎ ሁለት ጉዳዮችን የያዘ ቢሆንም የሁለቱም መልስ ከአንድ ነጥብ ይነሣል። አንድን የነርቭ ሰርኪዩት፣ ማለትም አንድ ሥራ ለመሥራት የተያያዙ የነርቭ ሴሎችን መረብ፣ ተረዳነው ለማለት የምንደፍረው ሴሎቹ ለምን ዓይነት ምስል ምላሽ እንደሚሰጡ ሲለካ፣ ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ሲታይ፣ ከዚያም ከመካከላቸው አንዱን ዝም ስናሰኘው የሚመጣው ለውጥ አስቀድመን ከተነበይነው ጋር ሲስማማ ነው። ሦስቱ ተገናኝተው አንድ ማብራሪያ ላይ ካላረፉ ያለን መረጃ እንጂ መረዳት አይደለም። ያነበቡት ካርታ ታላቅ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚሰጠን በዋነኛነት ሁለተኛውን ነው። የመስቀል አደባባይን የመንገድ ካርታ የያዘ ሰው በየትኛው ሰዓት የትኛው መስመር እንደሚጨናነቅ ከካርታው ብቻ ሊያውቅ እንደማይችል ሁሉ፣ የግንኙነት ካርታም በውስጡ የሚያልፈውን መልእክት በራሱ አይናገርም።

በመማሪያ መጻሕፍት የሚሣለው መስመር፣ ማለትም ከሬቲና (ከዓይን ኋላ ብርሃን ከሚቀበለው ስስ ንብርብር) ተነሥቶ በታላመስ (በአንጎል መሐል ባለው የመልእክት ማስተላለፊያ) ውስጥ ባለው ላተራል ጄኒኩሌት በሚባል ክፍል በኩል አንጎል ኋላ ላይ ወደሚገኘው የእይታ ኮርቴክስ (የአንጎል ውጫዊ ንብርብር ክፍል) የሚደርሰው፣ መንገዱን እንጂ ሥራውን አያሳይም። ሥራው የሚጀምረው ገና ዓይን ውስጥ ነው። በአንድ የሰው ዓይን ሬቲና ላይ ወደ 120 ሚሊዮን የሚሆኑ ዘንግ መሰል እና 6 ሚሊዮን የሚሆኑ ሾጣጣ ብርሃን ተቀባይ ሴሎች አሉ፤ ከዓይን ወደ አንጎል የሚወጡት የነርቭ ክሮች ግን አንድ ሚሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሬቲና ያየውን ሁሉ እንዳለ አያስተላልፍም፤ መርጦ፣ አወዳድሮ፣ አሳጥሮ ይልካል። ስቲቨን ከፍለር በ1953 በድመት ሬቲና ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነበር። ወደ አንጎል መልእክት የሚልኩት ጋንግሊዮን ሴሎች ከፊሎቹ የሚነቁት በሚመለከቱት ትንሽ ክልል መሐል ላይ ብርሃን ሲያርፍ ሲሆን፣ ብርሃኑ በዙሪያው ሲያርፍ ደግሞ ይገታሉ፤ ሌሎቹ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ወጥ የሆነ ብርሃን ክልሉን ሁሉ ሲሞላው ምላሻቸው ደካማ ነው። ከዚህ የምንረዳው ሴሉ የሚዘግበው የብርሃኑን መጠን ሳይሆን ልዩነቱን መሆኑን ነው።

እኔ ተማሪዎቼን ስለ ሰርኪዩት ሳስተምር ከኮርቴክስ አልጀምርም። የምጀምረው እንቅስቃሴን ከሚለዩት የሬቲና ሴሎች ነው፤ ምክንያቱም ከጥያቄ እስከ ግንኙነት ድረስ መንገዱ በአብዛኛው የተጠናቀቀበት ከሁሉ የጠራው ምሳሌ እርሱ ስለሆነ ነው። ለእርስዎም በዝርዝር ላቅርበው።

ሆረስ ባርሎው እና ዊልያም ሌቪክ በ1965 በጥንቸል ሬቲና ላይ ባወጡት ጥናት አንዳንድ ጋንግሊዮን ሴሎች ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ በኃይል እንደሚተኩሱ (የኤሌክትሪክ ምልክት እንደሚልኩ)፣ ያው ብርሃን በዚያው መንገድ ከቀኝ ወደ ግራ ሲመለስ ግን ዝም እንደሚሉ አሳዩ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሁለቱም ጊዜ የሚነኩት ብርሃን ተቀባዮች እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ጉዳዩን ለማጥራት የሚንቀሳቀሰውን ብርሃን ትተው ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎችን ጎን ለጎን አዘጋጁና አንዱን ከሌላው ቀጥሎ አበሩ። መጀመሪያ አንደኛው፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ሲበራ ሴሉ መለሰ፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሴሉ ምላሽ ሁለቱ ለየብቻ ሲበሩ ከሚገኘው ድምር እጅግ አነሰ። ከዚህ በመነሣት፣ ሴሉ በማይመርጠው አቅጣጫ የሚመጣ እንቅስቃሴ ቀድሞ አንድ የሚገታ መልእክት ይልካል፤ ይህም መልእክት ዘግይቶ ወደ ጎን በመድረስ የሚቀጥለውን የማነቃቂያ መልእክት ያግደዋል የሚል መላ ምት አቀረቡ። ልዩነቱ ሴሉ ከሚመለከተው ሙሉ ክልል እጅግ በጠበበ ርቀት ላይም መታየቱ፣ ስሌቱ በክልሉ ውስጥ በብዙ ቦታ እየተደጋገመ የሚካሄድ መሆኑን አመለከተ።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ በዚያ ጊዜ ማንም የግንኙነቱን ካርታ አላየም። የተለካው ምላሽ ብቻ ነው፤ መላ ምቱ ግን ካርታው ሲሠራ ምን መፈለግ እንዳለበት አስቀድሞ ተናገረ። የሚገታው ሴል የትኛው ነው? መልእክቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲበረታ የሚያደርገውስ ምንድን ነው? በ1970ዎቹ ጋባ የተባለውን ገቺ ኬሚካል የሚያግድ መድኃኒት ሬቲና ላይ ሲደረግ የአቅጣጫ ምርጫው እንደሚጠፋ ታየ። በዚህ ግታቱ አስፈላጊ መሆኑ ታወቀ፤ የግታቱ ባለቤት ግን ገና አልታወቀም ነበር።

ባለቤቱ ስታርበርስት አማክሪን የሚባለው ሴል ሆኖ ተገኘ። ይህ ሴል ከማዕከሉ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ጨረር የሚመስሉ ቅርንጫፎች ያወጣል። በ2001 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እነዚህን ሴሎች ከአይጥ ሬቲና ለይተው ሲያጠፉ የጋንግሊዮን ሴሎቹ የአቅጣጫ ምርጫ ጠፋ፤ የሚንቀሳቀስ ነገርን ተከትሎ ዓይንን የማዞር ምላሽም አብሮ ጠፋ። በ2002 ደግሞ ቶማስ ኦይለር፣ ፒተር ዴትዋይለር እና ዊንፍሪድ ዴንክ ሁለት ፎቶን በሚባለው ማይክሮስኮፕ የአንዱን ሴል ቅርንጫፎች ለየብቻ ተመለከቱ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ እንቅስቃሴው ከማዕከሉ ወደ ጫፉ ሲሄድ በጫፉ ላይ የመንቃቱ ምልክት የሆነው የካልሲየም መጠን በብዛት ይጨምራል፤ ከጫፉ ወደ ማዕከሉ ሲሆን ግን ጭማሪው ያነሰ ነው። እንግዲህ የስሌቱ አሐድ ሙሉው ሴል እንኳ አይደለም፤ አንዲት ቅርንጫፍ ናት። ለእኔ በዚህ ዘርፍ ከታዩ ግኝቶች ሁሉ ይህ ጎልቶ ይታየኛል፤ ሴልን እንደ አንድ ነጥብ ቆጥሮ መረብ መሣል እንደማይበቃ በግልጽ ያሳየ ነውና።

የቀረው ካርታው ነበር። ኬቨን ብሪግማን፣ ሞሪትዝ ሄልምሽቴተር እና ዴንክ በ2011 ባወጡት ሥራ መጀመሪያ የአይጥ ጋንግሊዮን ሴሎች የሚመርጡትን አቅጣጫ በምስል ለኩ፤ ከዚያም ያንኑ ሬቲና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥር በእጅግ ስስ ንጣፍ እየላጡ እያንዳንዱን ገጽ አነሡ። የተገኘው መላ ምቱ እንደሚጠይቀው ነበር። ወደ ምዕራብ የሚዘረጋ የስታርበርስት ቅርንጫፍ በብዛት የሚያያዘው ምስራቅን ከሚመርጥ ጋንግሊዮን ሴል ጋር ነው። በዚህ ምክንያት ወደ ምዕራብ የሚሄድ ነገር ቅርንጫፉን ያነቃዋል፤ ቅርንጫፉም ያንን ሴል ይገታዋል። ወደ ምስራቅ የሚሄድ ነገር ግን ቅርንጫፉን እምብዛም ስለማያነቃው ሴሉ ነጻ ሆኖ ይተኩሳል። ከ1965 እስከ 2011 አርባ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። ካርታው ዋጋ ያገኘው ምን እንደሚጠየቅ ቀድሞ ስለታወቀና ከተለካው ምላሽ ጋር በአንድ ሬቲና ላይ ስለተጣመረ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቅርንጫፏ ራሷ ከማዕከል ወደ ጫፍ የሚሄደውን ለምን እንደምትመርጥ እስካሁን የተለያዩ ማብራሪያዎች ይቀርባሉ፤ ምናልባትም ከአንድ በላይ ምክንያት በአንድነት ይሠራል።

የሰው አንጎል እንቅስቃሴን በዋናነት የሚያሰላው በኮርቴክስ ነው። የዚያ ክፍል ጉዳት ምን እንደሚያስከትል በ1983 ከሙኒክ የተዘገበች አንዲት ታማሚ ታሪክ ያሳያል። የአንጎሏ ሁለቱም ጎኖች በተወሰነ ስፍራ ከተጎዱ በኋላ ቀለምንና ቅርጽን በደንብ ስታይ እንቅስቃሴን ግን ማየት ተሳናት። ሻይ ወይም ቡና ስትቀዳ ፈሳሹ እንደረጋ ሆኖ ይታያት ስለነበር ስኒው መሙላቱን አታውቅም፤ መንገድ ስትሻገር ሩቅ የነበረው መኪና በድንገት አጠገቧ ይገኛል። ስታዲየም ፌርማታ ቆመን ባቡሩ ወደየት እየሄደ መሆኑን ያለ ምንም ጥረት የምናውቀው፣ ቦታን ከማየት የተለየ ራሱን የቻለ ሰርኪዩት ስላለን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አላውቅም።

አሁን ወደ ኮርቴክሱ እንለፍ፤ ችግሩ የሚከብደው እዚያ ነው። ዴቪድ ሂዩብል እና ቶርስተን ዊዝል በ1958 በከፍለር ቤተ ሙከራ ሥራ ሲጀምሩ በድመቷ የእይታ ኮርቴክስ ውስጥ ያለው ሴል ለብርሃን ነጠብጣብ እምብዛም አልመለሰላቸውም። ነጠብጣቡን የያዘውን የመስታወት ስላይድ ወደ መሣሪያው ሲያስገቡ ግን ሴሉ በድንገት ተኮሰ፤ የተኮሰውም ለነጠብጣቡ ሳይሆን የስላይዱ ጠርዝ በሬቲናው ላይ ለጣለው ቀጭን የጥላ መስመር ነበር። ከዚያ ተነሥተው የኮርቴክስ ሴሎች የተወሰነ ዝንባሌ ያለውን መስመር እንደሚመርጡ አረጋገጡ፤ በ1962 ደግሞ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ሐሳብ ሰጡ። ከታላመስ የሚመጡ፣ የእይታ ክልላቸው በአንድ ረድፍ የተደረደረ ሴሎች በአንድ የኮርቴክስ ሴል ላይ ቢያርፉ፣ ያ ሴል የረድፉን ዝንባሌ የያዘ መስመር ይመርጣል። በ1981 የኖቤል ሽልማትን ከሮጀር ስፔሪ ጋር ተካፈሉ።

ሐሳቡ ውብና ቀላል ነው፤ በ1990ዎቹ የተደረጉ ሙከራዎችም በብዙ ነገር ደግፈውታል። ለምሳሌ ዴቪድ ፈርስተር እና ባልደረቦቹ ኮርቴክሱን በማቀዝቀዝ የአካባቢውን ሴሎች በአብዛኛው ዝም ካሰኙ በኋላ እንኳ ከታላመስ ብቻ የሚደርሰው መልእክት ዝንባሌን የሚመርጥ ሆኖ አገኙት። ይሁን እንጂ ከታላመስ የሚመጣው በሚያርፍበት የኮርቴክስ ንብርብር ውስጥ እንኳ ከጠቅላላው ሲናፕስ (ሴል ከሴል የሚገናኝበት ነጥብ) የታላመሱ ድርሻ ጥቂቱ ብቻ ነው፤ አብዛኛው ከኮርቴክሱ ከራሱ የሚመጣ ነው። በታላመስም ቢሆን ከሬቲና የሚመጣው ሲናፕስ ከአሥር እጅ አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ሲሆን፣ ከኮርቴክስ ወደ ኋላ የሚመለሰው ይበልጠዋል። ይህ ሁሉ የጎንና የመልስ ግንኙነት ምን ይሠራል? እርስዎ “ምን ቀረ?” ላሉት እውነተኛው መልስ ይህ ነው። ያጎላል፣ ያመጣጥናል፣ የሚጠበቀውን ከሚታየው ጋር ያወዳድራል የሚሉ ማብራሪያዎች ሁሉ ደጋፊ ሙከራ አላቸው፤ በሬቲና እንደታየው ግን አንድ ላይ አልተቋጩም።

ያነበቡት የ2025 ሥራ ወደዚህ ጥያቄ ለመቅረብ የተደረገ ነው። በአሜሪካ የሚገኙ ቤይለር የሕክምና ኮሌጅ፣ የአለን ተቋም እና ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ከሌሎች ጋር ተባብረው፣ መጀመሪያ አይጡ ልዩ ልዩ ተንቀሳቃሽ ምስሎችን ሲመለከት የ75,000 ያህል ሴሎችን እንቅስቃሴ መዘገቡ፤ ከዚያ ያንኑ የአንጎል ቁራጭ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አንሥተው ከ200,000 በላይ ሴሎችንና ወደ 523 ሚሊዮን የሚሆኑ ሲናፕሶችን የያዘ ካርታ ሠሩ። ምላሽና ግንኙነት በአንድ እንስሳ መጣመራቸው ትልቅ እርምጃ ነው፤ ተመሳሳይ ነገር የሚመርጡ ሴሎች እርስ በርስ የመያያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑም በሰፊው ታይቷል። ነገር ግን የተቀረጸው ምስል የቆመ ነው። አንድ ሲናፕስ በዚያች ቅጽበት ምን ያህል እንደሚበረታ፣ አንጎልን የሚያነቃቁ ኬሚካሎች የሰርኪዩቱን ጠባይ እንዴት እንደሚለውጡት አያሳይም። ክሪስቶፈር ኒል እና ማይክል ስትራይከር በ2010 እንዳሳዩት፣ አይጥ ቆሞ ሳለ ያየውን ምስል እየሮጠ ሲያየው ብዙዎቹ የእይታ ኮርቴክስ ሴሎቹ ምላሻቸው እጥፍ ያህል ይጨምራል፤ የሚመርጡት ዝንባሌ ግን አይለወጥም። ሽቦው ያው፣ ምስሉም ያው ሆኖ መልሱ ተለየ። 302 ነርቭ ሴሎች ብቻ ያሏት ትንሿ ትል፣ ሲኖራብዳይቲስ ኤለጋንስ፣ የግንኙነት ካርታዋ በ1986 ታትሞ ሳለ ጠባይዋን ከካርታው ብቻ መተንበይ እስካሁን አለመቻሉም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው።

ሦስተኛው መሣሪያ፣ ማለትም ጣልቃ ገብቶ መሞከር፣ ከ2005 ወዲህ እጅግ አድጓል። ከአረንጓዴ ዋቅላሚ የተገኘን ለብርሃን የሚከፈት ፕሮቲን በተመረጡ ነርቭ ሴሎች ውስጥ በማስገባት እነዚያን ሴሎች ብቻ በብርሃን መቀስቀስ ይቻላል፤ በሌሎች ፕሮቲኖች ደግሞ ዝም ማሰኘት ይቻላል። አተረጓጎሙ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ አንድን የሴል ዓይነት ዝም ስናሰኘው እይታ ቢታወክ ሴሉ ስሌቱን ይሠራዋል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ሌሎች ሴሎች የሚሠሩበትን ሚዛን አፍርሶት ሊሆን ይችላልና።

ስለ ሰርኪዩቱ አሠራር ብቻ ሳይሆን ስለ አሠራሩ መነሻም መጠየቅ እንደሚገባ የሚያስገነዝበኝ የሕክምናው ገጽታ ነው፤ ይህንን ሳልነካ ባልፍ አግባብ አይሆንም። ሂዩብል እና ዊዝል ከ1963 ጀምሮ እንዳሳዩት፣ የድመት ግልገል በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ዓይኗ ተዘግቶ ቢቆይ፣ ዓይኑ በኋላ ሲከፈት ራሱ ደህና ሆኖ ሳለ ኮርቴክሱ ለእርሱ መመለስን ያቆማል። ጎልማሳ ድመት ላይ ያው መዘጋት ይህን አያደርግም። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ሁለቱም ዓይኖች አብረው ሲዘጉ ውጤቱ አንዱ ብቻ ከሚዘጋበት ያነሰ መሆኑ ነው። ጉዳቱ የመጣው ከጥቅም ማጣት ብቻ ሳይሆን ከፉክክር እንደሆነ ከዚህ ተገኘ፤ የሚሠራው ዓይን የሌላውን ቦታ ይወስዳል። የዓይን ሞራ ይዞት የተወለደ ወይም ዓይኑ የሸወረረ ሕፃን በጊዜ ወደ ሐኪም እንዲመጣ የምንወተውተው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልን በመሰሉ የዓይን ሕክምና ክፍሎችም ደህናው ዓይን ለተወሰነ ሰዓት ተሸፍኖ ደካማው እንዲሠራ የሚታዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው። የዓይኑ ቀዶ ሕክምና የተሳካ ቢሆንም ሰርኪዩቱ የሚቀረጽበት ጊዜ ካለፈ እይታው ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። “አድጎ ይታከማል” እያሉ ልጅን ማቆየት የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው፤ የሚያውቁት ቤተሰብ ካለ እባክዎ ይንገሩልኝ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከአዲስ አበባ ሆኖ መሳተፍ ይቻል እንደሆነ ነው። በእኔ እምነት ይቻላል፤ ግን በየትኛው በር እንደሚገቡ መምረጥ አለብዎ። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አግኝቶ ካርታ ለመሥራት መጠበቅ ጊዜን ማባከን ነው። ዛሬ ያለው ጉድለት የመረጃ ሳይሆን መረጃውን ወደ ማብራሪያ የሚለውጥ ሰው ነው። የ2025ቱ ካርታም ሆነ የአለን ተቋም ከአይጥ የእይታ ኮርቴክስ የመዘገበው የሴሎች ምላሽ ለማንም ክፍት ነው። ሙሉውን በእኛ ኢንተርኔት ማውረድ የሚታሰብ አይደለም፤ የሚፈልጉትን ክፍል ብቻ ጠርቶ በሩቅ ኮምፒውተር ላይ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ መተንተን ግን ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልግዎ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) እና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ነው፤ ሁሉም እዚያው አራት ኪሎ በሒሳብና በፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች የሚሰጡ ስለሆነ፣ በእኔ ምክር ከተጨማሪ የሥነ ሕይወት ኮርስ ይልቅ እነርሱን ይውሰዱ። አይዋየር በሚባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ምንም የሙያ ሥልጠና የሌላቸው ሰዎች የሬቲና ሴሎችን ቅርንጫፎች እየተከተሉ ቀለም ቀብተው፣ በ2014 ስለዚያው ስታርበርስት ሴል ለወጣ ጥናት መረጃውን እንዳዘጋጁም ልብ ይበሉ።

ሌላው በር የራስዎ ዓይን ነው። የፊልም መጨረሻ ላይ ወደ ላይ የሚወጣውን የስም ዝርዝር ለግማሽ ደቂቃ ያህል የስክሪኑን መሐል ሳይለቁ ይመልከቱና ያቁሙት፤ የቆመው ጽሑፍ ወደ ታች የሚፈስ ይመስልዎታል። አቅጣጫን የሚለዩ ሴሎች ለረጅም ጊዜ ሲሠሩ ስለሚዝሉ ሚዛኑ ወደ ተቃራኒው ያጋድላል። ይህ ውጤት ስንት ሴኮንድ እንደሚቆይ፣ በአንድ ዓይን አይተው በሌላው ሲፈትኑት ምን ያህል እንደሚሻገር በላፕቶፕ ብቻ መለካት ይቻላል። መሻገሩ በራሱ ቢያንስ የዚህ መዛል ከፊል የሚካሄደው የሁለቱ ዓይኖች መልእክት ከተገናኘ በኋላ፣ ማለትም በኮርቴክስ መሆኑን ይነግርዎታል። በሌሎች ሰዎች ላይ ከማድረግዎ በፊት ግን የትምህርት ክፍልዎን የሥነ ምግባር ፈቃድ ይጠይቁ።

ለመጀመሪያ ሥራ የምመክርዎ ይህ ነው። ሁለት ብርሃን ተቀባዮች፣ አንድ የሚገታ ሴል እና አንድ ጋንግሊዮን ሴል ብቻ ያለው ሞዴል በፓይተን ይጻፉ፤ ከሁለተኛው ተቀባይ የሚመጣው የሚገታው መልእክት ጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ዘግይቶ እንዲደርስ ያድርጉ። ከዚያ የባርሎውንና የሌቪክን የሁለት ቀዳዳ ሙከራ በሞዴሉ ላይ ይድገሙት፤ የመብራቱን ቅደም ተከተልና በመካከሉ ያለውን ጊዜ እየለወጡ ምላሹን በግራፍ ያስቀምጡ። ቀጥለው መግቻውን ያጥፉና የአቅጣጫ ምርጫው ይጠፋ እንደሆነ፣ መዘግየቱን ሲያረዝሙም ሞዴሉ የትኛውን ፍጥነት ማየት እንደሚሳነው ይመልከቱ። ግራፎቹን ይላኩልኝና ከዚያ እንቀጥላለን።